እህሉ ወደ ጉድጓድ ሲገባ

(ለማኅበረ ምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የገበሬን ቤት መቼ መጠየቅ ይገባናል? ብዙዎቻችን የምንሄደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ በቤቱ ያለው እህል አልቋል፤ ልጆቹ ከስተዋል፤ የዕርዳታ እህል የጫነውም መኪና በጭቃው መንገድ ላይ ይንገታገታል። ያን ጊዜ መሄድ መልካም ነው፤ ማንም አይተወው። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንወደው ግን ስለ ሌላ ወቅት ነው። በታኅሣሥ፣ በበጋው ብርድ፣ መከሩ ተሰብስቦ እህሉ ወደ ማከማቻው በሚገባበት ሰሞን፣ በምዕራብ ሐረርጌ የአንድ ወዳጃችንን ወላጆች በእርሻቸው ላይ ሄደን ጠይቀናቸው ነበር። እዚያ ያየነው ነገር ስለ ሥራችን ብዙ እንድናስብ አድርጎናል። ይኸውም በነሐሴ የምናየው ችጋር አብዛኛው ክፍሉ የሚወሰነው በታኅሣሥ፣ በአውድማው ዳር መሆኑን ነው።

አገሩ

አገሩን ላላያችሁት ጥቂት እንግለጽ። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ በቦርደዴና በአሰቦት በኩል ሚኤሶ ይደርሳል። ሚኤሶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሞቃት ሜዳ ሲሆን የባቡሩ ሐዲድም የሚያልፈው በዚያው ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ጭሮን ያገኛል። ጭሮ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማም ናት። ዛሬም ብዙ ሰው አሰበ ተፈሪ እያለ ይጠራታል። በ1920ዎቹ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የታሰበው ይኸው አገር ነበር። ከጭሮ አንዱ መንገድ በአርበረከቴና በሂርና አድርጎ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ሌላው በቁኒ፣ በበደሳና በገለምሶ በኩል ወደ መቻራ ይወርዳል።

በእነዚህ ዳገቶች ላይ ያለው እርሻ ጠባብ ነው። ብዙው ቤተሰብ የሚያለማው ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ሲሆን ቁልቁለቱ ስለሚበዛም በበሬ ከሚያርሰው ሌላ በዶማ የሚቆፍረው ጥቂት አይደለም። ቡና አለ፤ ጫት አለ፤ በቆሎና ቦሎቄ አለ። የቤቱ መሠረት ግን ማሽላ ነው። ማሽላው በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያ ገደማ ይዘራል፤ ክረምቱን ሁሉ አድጎ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ሰባት ወይም ስምንት ወር በማሳ ላይ ይቆያል ማለት ነው። በልጉ ከቀረ ወይም ከዘገየ ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ይዞራል፤ ምርቱም ያንሳል። በ1977፣ በ1995 እና በ2008 ዓ.ም. ድርቅ አገራችንን በመታ ጊዜ ይህ ምድር ከተጎዱት አንዱ ነበር። በመካከሉም የአገር ስም ያልተሰጣቸው፣ በጋዜጣ ያልተጻፉ፣ አንድን ቀበሌ ብቻ የጎዱ ብዙ ክፉ ዓመታት አሉ።

በአውድማው ላይ

ወዳጃችን ከእኛ ጋር በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ወላጆቹ ከአርበረከቴ በላይ፣ ከዋናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ በሚያስኬድ ዳገት ላይ ይኖራሉ። ኦሮሞዎችና የእስልምና እምነት ተከታዮች ናቸው። እኛም እንደ ልጃቸው አባባና እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። በደረስንበት ምሽት ብርዱ ጠንካራ ነበር። እማማ የማሽላ አገዳ እሳት ላይ ጨምረው ሆጃ አፈሉልን፤ ሆጃ የቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላ መጠጥ ነው። እጃችን እስኪሞቅ ድረስም የመጣንበትን ጉዳይ አልጠየቁንም።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ በአውድማው ላይ ተሰበሰበ። በሌላ አገር ደቦ የምንለውን እነርሱ ጉዛ ይሉታል። የማሽላው ራስ ተቆርጦ፣ ተሰጥቶ፣ ደርቋል። ወንዶቹ በዱላ ይወቃሉ፤ ሴቶቹ ያነፍሳሉ፤ ልጆቹ ዶሮና ወፍ ይከላከላሉ። እኛም ዱላ ተሰጠንና ስንወቃ ዋልን። ከሚጣለው የሚነሣው ይበዛል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል። ከቤቱ ጎን አንድ በሬ ታስሯል። በመላው አገር ስሙ የታወቀው የሐረር ሰንጋ የሚደልበው እንዲህ ነው፤ በክረምት ማሳውን ለማሳሳት የሚነቀለው ማሽላና ከአገዳው ላይ የሚሸለቀቀው ቅጠል፣ በበጋም የደረቀው አገዳ፣ ታስሮ ሳለ በእጅ ይቀርብለታል። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ማሽላ ማለት እህል ብቻ አይደለም፤ በሬም፣ እሳትም፣ ጣሪያም ነው። ፍሬው ቶሎ የሚደርስ፣ አገዳው ግን አጭር የሆነ ምርጥ ዘር ይዘን ስንሄድ አንዳንድ ገበሬ የሚያመነታው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

ጉድጓዱ

በሐረርጌ እህል የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ አንድ ሰው በአፉ በኩል ተንጠልጥሎ ይገባበታል። ከመሞላቱ በፊት ይጠረጋል፤ እሳት ይነድበትና ይደርቃል፤ ታችና ጎኑ በገለባ ይለበጣል። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በእንጨትና በድንጋይ ይዘጋል፤ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ አፈርም ይደለደልበታል። ከዚያ በኋላ እህሉና በውስጡ ያለው ነቀዝ የጉድጓዱን አየር ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ አየር ሲያልቅም ነቀዙ ይሞታል። ከእሳትና ከሌባም ይጠበቃል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሰራጨው፣ በውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ያለበት ባለ ሦስት ድርብ ጆንያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የጨርጨር ገበሬ ዘዴውን ያወቀው ከአባቶቹ ነው።

ጉድጓዱ ግን ጠላት አለው፤ እርሱም እርጥበት ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ርጥበት ዳር ዳሩን ያለውን እህል ያሻግተዋል፤ ያጠቁረዋል። ጉድጓድ የነካው እህል ሽታው ስለሚታወቅ በገበያ ዋጋው ይወርዳል። ከዚህም ሌላ እዚያ የከረመ እህል ለዘር አይሆንም፤ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ እማማ ገና በማሳው ላይ ሳለ መልካም መልካሙን ራስ መርጠው ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ ከምድጃው በላይ ጢስ እንዲያገኘው ይሰቅሉታል። ቤቱ ውስጥ ቀና ብለን ስንመለከት ሙይራና ፈንዲሻ የተባሉት የማሽላ ዓይነቶች ጠቁረው ተሰቅለው አየን። «ይህ አይበላም፤ የተቸገርን ዕለት እንኳ አይበላም» አሉን እማማ። ዘሩን የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸው፤ አባባም ሳያስፈቅዱ አይነኩትም።

አንድ አደጋም አለ፤ የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ልብ በሉ። ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ሲከፈት በውስጡ ያለው አየር ሰው ይገድላል። አባባ ጉድጓዱን ጠዋት ከፍተው ብዙ ሰዓት አስነፈሱት፤ ቀጥሎም ፋኖስ በገመድ አወረዱ። መብራቱ ሳይጠፋ ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ ብቻ የልጅ ልጃቸው እንዲወርድ ፈቀዱለት፤ ያን ጊዜም ወገቡ በገመድ ታስሮ ነበር።

ሂሳቡ

እህሉ ተሰፍሮ ሲያበቃ 11 ኩንታል ሆነ። ያ ጥሩ ምርት ነው፤ ሁሉም ደስ አለው። ማታ ግን ቤተሰቡ ተቀምጦ ሂሳብ ያዘ። በዕርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል እንደሚያስፈልግ እንቆጥራለን፤ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የሚታወቀው መለኪያ ይኸው ነው። በዚህ ቤት ስምንት ሰዎች ይበላሉ። ስለዚህ በወር 120 ኪሎ ግራም፣ በዓመት ከ14 ኩንታል በላይ ያሻቸዋል። 11 ኩንታሉ ምንም ሳይበላሽና ሳይሸጥ ከታኅሣሥ ጀምሮ ዘጠኝ ወር ያህል ይዞ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያደርሳቸዋል። ከዚያ እስከ ኅዳር ያለውን በእሸት፣ በቦሎቄና ከቡናው ከጫቱ በሚገኘው ገንዘብ ይሻገሩታል።

ነገር ግን ዕዳ ነበረባቸው። ባለፈው ክረምት ከቤተሰቡ አንዱ ታምሞ ለሕክምና የተበደሩት ገንዘብ ነው፤ የሚከፈለውም በመከር ጊዜ ነው። ለመክፈል ሦስት ኩንታል መሸጥ ነበረባቸው፤ ምክንያቱም በመከር ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ የእህል ዋጋ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ሦስት ኩንታል ከሸጡ ስምንት ይቀራል፤ ስምንቱም የሚያደርሳቸው እስከ ሰኔ 20 ብቻ ነው። በሐምሌ የሸጡትን ያህል እህል መልሰው ለመግዛት ቢፈልጉ ደግሞ ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል። በሬውን ቢሸጡም ገና አልደለበም፤ ለፋሲካ ቢደርስ ኖሮ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር።

ወዳጃችን ለአባቱ፣ «አባባ፣ የማሽላውን ማሳ ግማሹን ጫት ብናደርገውስ? በበጋ ጫት ሲወደድ በየጊዜው ገንዘብ ይገኛል» አለ። ይህን የሚለው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በጨርጨር ብዙ ማሳ በዚህ መንገድ ጫት ሆኗል። በማኅበረ ምእመናን መካከል ስለ ጫት ያለው አሳብ የታወቀ ነው፤ ገበሬው ግን በጠባብ መሬት ላይ ልጆቹን ለማብላት የሚያሰላውን ሂሳብ ሳናውቅ ብንወቅሰው አይሰማንም። አባባ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጫት ገንዘብ ይሰጣል፤ ልክ ነህ። እህል የጠፋ ዓመት ግን ገንዘብ ይዘህ ገበያ ብትሄድ እህሉን ከማን ትገዛለህ? በሬውስ ምን ይበላል?» አሉት። ልጁም፣ «ዝናብ የጠፋ ዓመት ማሽላውም ይጠፋል እኮ» አላቸው። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ክርክሩ በዚያ ሌሊት አላለቀም፤ በብዙ ቤትም ገና አላለቀም።

ከእኛ መካከል አንዱ ዕዳውን አዋጥተን እንክፈልላቸው የሚል አሳብ አቀረበ። ገንዘቡ ከአቅማችን በላይ አልነበረም። ወዳጃችን ግን ለብቻችን ወደ ውጭ ጠርቶን፣ «አባቴ ጉድጓዱን ያሳያችሁ እንደ ዘመድ ስለቆጠራችሁ ነው። ለእንግዳ የእህል ጉድጓድ አይታይም። አሁን ገንዘብ ብትሰጡት በነገው ዓመት እንግድነታችሁ ይቀራል፤ ጎረቤቱም አባቴ የሚጠራቸው ለዚህ ነው ይላል» አለን። ነገሩን ተቀበልን። በማግስቱ አባባ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠሩ፤ አበዳሪውም መጣ። ከብዙ ንግግር በኋላ አሁን የአንድ ኩንታል ዋጋ እንዲከፈለውና የቀረውን በሬው ለፋሲካ ሲሸጥ እንዲወስድ ተስማማ። ሽማግሌዎቹም ዋስ ሆኑ።

ይህ ስምምነት ምን እንዳመጣ ተመልከቱ። አሥር ኩንታል ወደ ጉድጓድ ገባ። አሥር ኩንታል የሚያደርሰው እስከ ነሐሴ 10 ነው። ከሰኔ 20 እስከ ነሐሴ 10 ሃምሳ ቀን ነው። ስምንት ሰዎች ለሃምሳ ቀን የሚበሉት እህል የተገኘው ከመርከብ አልወረደም፤ በመኪናም አልተጫነም። በታኅሣሥ አንድ ሰው ጥቂት ወር እንዲታገሥ በመለመኑ ተገኘ። ጉድጓዱ ሲዘጋ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም ከልባችን አሜን አልን። ከዚያም በጥጋብ ዓመት ለራብ ዓመት እህል ስላከማቸው ስለ ዮሴፍ አነሡ። ታሪኩ በእነርሱም ቤት በእኛም ቤት የሚነገር ነውና ያንን ማታ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተጫወትነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወገኖቻችን፣ ከዚህ ለሥራችን የሚሆን ጥቂት ነገር አለ።

መጀመሪያ፣ ስጦታችንን ከወቅቱ ጋር እናስማማ። በነሐሴ ለአንድ ቤት ሁለት ኩንታል እህል ለማድረስ የሚወጣው ወጪ ብዙ ነው፤ መግዣው፣ ማመላለሻውና ማከማቻው ሁሉ ይታሰባል። በታኅሣሥ ግን ያንኑ ሁለት ኩንታል ከቤቱ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። የቁጠባና የብድር ማኅበራት ባሉበት ቦታ ብድሩ የሚመለስበትን ጊዜ ከመከር ወደ ሚያዝያ ማራዘም፣ ማኅበርም በሌለበት እንዲቋቋም መርዳት፣ በመከር ጊዜ ከአባላቱ እህል ገዝቶ በክረምት በመጠነኛ ዋጋ የሚመልስላቸውን የእህል ባንክ ማጠናከር ይገባል። የዚህ ሁሉ ገንዘብ መድረስ ያለበት እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ማኅበረ ምእመናን መባ የሚሰበስቡበትን ቀን ሲወስኑ ይህን ያስቡ።

ሁለተኛ፣ ያለውን እናሻሽል። ጉድጓዱን ንቀን የቆርቆሮ ጎተራ ከማምጣታችን በፊት ርጥበቱን የምንከላከልበትን መንገድ እንፈልግ። ግድግዳውን በፕላስቲክ መለበጥ፣ አፉን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአሥር ኩንታል አንዱ ሳይሻግት ቢተርፍ ለዚያ ቤት የሃያ አምስት ቀን ምግብ ነው። ባለ ሦስት ድርብ ጆንያውም ለገበያ ለሚቀመጠው እህል ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘር ስንናገር ሴቶቹን እንጠይቅ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዘር የብዙ ዘመን ምርጫ ውጤት ነው። የሳይንስንም ሥራ አንንቅ፤ በአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተማሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የማሽላን ሥር የሚመጥጠውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር በማውጣት ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራ ባለበት ማሳ እንዲህ ያለው ዘር ቤት ያድናል። ነገር ግን አዲሱን ስናመጣ አሮጌው ከጣሪያው ላይ እንዳይወርድ እንጠንቀቅ፤ አገዳውንም እንደ ፍሬው እንቁጠረው።

በመጨረሻም ስለ አጠያየቃችን። ወደ ገበሬ ቤት ባዶ እጃችንን አንሂድ፤ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዘን እንሂድ። የዕርዳታ መዝገብና ካሜራ ግን በመኪናው ውስጥ ይቅር። ሥራ ባለበት ቀን ደርሰን አብረን እንሥራ። «ምን ጎደላችሁ?» ብለን ከመጀመር «ዘንድሮ እንዴት ልታደርጉ አሰባችሁ?» ብለን እንጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ለማኝ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ግን በቤቱ ላይ አዛዥ መሆኑን ያከብርለታል። ያለውን በኩራት ያሳየን ሰው ሲጎድልበት ለመናገር አያፍርም። ያልጠየቅነው ሰው ግን እህሉ ማለቁን የምንሰማው ልጁ ሲታመም ነው።

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ አካባቢ ያላችሁ ሠራተኞች ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንለምነው በሩቅ ያሉት ደጋፊዎቻችን እንዲያውቁት ነው። የሚመጣው ኅዳር ሲገባ እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን ቢያንስ ሁለት ሰዎች መርጦ በመከር ጊዜ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ይላክ። ሂሳቡን ከቤተሰቡ ጋር ይቁጠሩ፤ እህሉ እስከ የትኛው ቀን እንደሚያደርሳቸው ይወቁ፤ ያንንም ቀን ጽፈው ወደ ጉባኤያቸው ይመለሱ። ጸሎታችንም ስጦታችንም ቀን ሲኖረው ቀድሞ ይደርሳል።